ላዩ ደህና፣ ውስጡ የተላቀቀ፦ የተመታ ኮምፖዚት እንዴት ይታያል?

(ለምህንድስና ተማሪዎችና ለአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ይህችን ጥቁር ሰሌዳ ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ቁመቷ 15፣ ወርዷ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከካርቦን ቃጫና ከኢፖክሲ የተሠራች ናት። ተመትታለች። አብሯት የሚዞረው ወረቀት ላይ የሰሌዳዋ ቅርጽ ተሥሏል፤ የተመታችበትን ቦታ አገኘሁ የሚል ሰው እዚያ ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ ያድርግ። ዓይናችሁንም፣ ጣታችሁንም፣ ጥፍራችሁንም ተጠቀሙ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ በጀርባዋ የለጠፍኩትን ወረቀት አትላጡ። አውሮፕላን ስትፈትሹም የምትቆሙት ከውጭ ነው። ጀርባው በመንገደኛ ክፍሉ ግድግዳና በሽቦ ተሸፍኗል፤ ያን ሁሉ ነቅሎ ማየት የቀናት ሥራ ነው።

እሷ ትዙር፣ እኔ ልቀጥል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው በ2012 ነው፤ ኤርባስ ኤ350ን ደግሞ በ2016። በክብደት ሲሰላ የመጀመሪያው ግማሽ ያህሉ፣ የሁለተኛው ከግማሽ በላይ የሚሆነው አካሉ ኮምፖዚት ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል ቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚደበድበው ያው በረዶ፣ ቦሌ የቆመውን አውሮፕላን ቆዳም ይደበድባል። ቆርቆሮው ይጮሃል። ኮምፖዚቱ ግን ብዙም አይናገርም፤ ለዚህም ነው ዛሬ የመጣሁት።

ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ኮምፖዚት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ አብረው ሲቦኩና ሲመረጉ ግን ዘመን ይሻገራሉ። በአውሮፕላኑ ላይ የጭዱን ቦታ የካርቦን ቃጫ፣ የጭቃውን ቦታ ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ ይዟል። ልዩነቱ፣ ቃጫው እንደ ጭድ ተበትኖ አይገባም። በአንድ አቅጣጫ ተሰድሮ ስስ ንጣፍ ይሆናል፤ አንዱ ንጣፍ ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በአግድም፣ ሌላውን በ45 ዲግሪ እየደራረቡ በሙቀትና በግፊት ያበስሉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ተረቱ ድሩን የሚያስተባብረው ምን እንደሆነ አይነግረንም፤ እዚህ ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ ሙጫው ነው። በቃጫው አቅጣጫ ብትስቡት ከክብደቱ አንጻር ብረትን ያስንቃል። በንጣፍና በንጣፍ መካከል ግን የሚሻገር ቃጫ የለም። ያለው ሙጫ ብቻ ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን በሙሉ እዚያች ቀጭን መስመር ላይ ነው።

መኪናው ተገጭቶ ባትላሜራ ቤት የወሰደ ሰው ላሜራ ሲመታ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ይሰረጉዳል፤ የምቱን ታሪክ በቅርጹ ላይ ይዞ ይቀራል። የአውሮፕላን አልሙኒየምም እንዲሁ ነው። ቴክኒሽያኑ የእጅ ባትሪውን አግድም ሲያበራበት ጥላው ያጋልጠዋል። ኮምፖዚት ሲመታ ግን ይጎብጥና ተመልሶ ይዘረጋል። ጉልበቱን የሚጨርሰው ውስጥ ለውስጥ እየተሰነጠቀ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን መፍቻ ከ2 ሜትር ከፍታ ከእጅ ቢያመልጥ 10 ጁል ገደማ ጉልበት ይዞ ያርፋል። እጃችሁ ላይ ላለችው ዓይነት ሰሌዳ ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ምት አይደለም።

ውስጥ የሚሆነውን በዝግታ ልንገራችሁ፤ ምስሉን ለማንበብ የግድ ያስፈልጋልና። መጀመሪያ ሙጫው በቃጫዎቹ መካከል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወደ ታች ሲወርድ አቅጣጫው የተለየ ንጣፍ ያጋጥመዋል፤ ቃጫውን ቆርጦ ማለፍ ስለማይችል በሁለቱ ንጣፎች መካከል ወደ ጎን ይሄዳል። ንጣፎቹ በዚህ ይላቀቃሉ። የተላቀቀው ቦታ ከላይ ሲታይ ሁለት ፍሬ እንደያዘ የለውዝ ቅርፊት ነው፤ መሐሉ ቀጠን፣ ግራና ቀኙ ሞላ ያለ፤ የሚዘረጋውም ከሥሩ ባለው ንጣፍ ቃጫ አቅጣጫ ነው። ቀጣዩ ንጣፍ ሌላ አቅጣጫ ስላለው ቀጣዩ ለውዝም ይዞራል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ስፋቱ ይጨምራል። የጎጆ ክዳንን አስቡት፤ ጫፉ ላይ አንዲት ጉልላት፣ ግርጌው ላይ ሰፊ ክብ። እኛ ከውጭ የምናየው ጉልላቱን ብቻ ነው። ምቱ ከበረታ በመጨረሻ ቃጫው ራሱ ይበጠሳል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰውም በጀርባ በኩል ነው።

ጉልላቷም ብትሆን አብራን አትቆይም። የተመታው ቦታ ላይ የምትቀረው ትንሽ ጎድጓዳ በጊዜ ብዛት፣ በእርጥበትና በሙቀት መለዋወጥ እየሞላች ትሄዳለች። ዛሬ በጣት የምትዳሰሰው ከወራት በኋላ ላትዳሰስ ትችላለች። በውስጥ የተላቀቀው ግን አይድንም።

ታዲያ ንጣፍ ከንጣፍ ቢላቀቅ ምን አለበት፣ ቃጫው ካልተበጠሰ? ለሚስብ ኃይል እውነትም ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ለሚጫን ኃይል ግን ሌላ ነው። የሰበዝ እስር አቁማችሁ ከላይ ብትጫኑት ይሸከማል። እስሩን ፈትታችሁ ጫኑት፤ እያንዳንዱ ሰበዝ ለብቻው ይጎብጣል። የተላቀቀ ኮምፖዚትም እንደዚያ ነው፤ ስስ ስስ ሆኖ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም የቀረውን ይላቅቃል። ስለዚህ «ተጎድቷል» የሚል ፍርድ ብቻውን አይበቃንም። ሙጫው ተሰነጠቀ? ንጣፉ ተላቀቀ? ወይስ ቃጫው ተበጠሰ? በስንተኛው ንጣፍ፣ በምን ያህል ስፋት? ምስል የምናነሳው ይህን ለመለየት ነው።

ከሁሉ የሚያረጀው ዘዴ በጆሮ የሚሠራ ነው። ሸክላ ተራ ሄዳ ምጣድ የምትገዛ እናት በጣቷ አንጓ ሳታንኳኳ ብር አትከፍልም። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ይደፈናል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ስቱኮ የተሞላውን በር የሚለየው እንዲሁ ነው። አውሮፕላን ላይም በሳንቲም ወይም ለዚሁ በተሠራ ትንሽ መዶሻ ማንኳኳት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ እኔም ሙያውን የጀመርኩት በእሱ ነው። ስስ ቆዳ ያለውን የማር እንጀራ መሰል አካል ለመፈተሽ ይረዳል። ወፈር ሲል ግን ጆሮ ይሸነፋል። በ2005 ከኩባዋ ቫራዴሮ ወደ ካናዳዋ ኩቤክ የተነሳ የኤር ትራንሳት ኤርባስ ኤ310፣ ከ260 በላይ ሰው ጭኖ በአየር ላይ ሳለ ከጅራቱ ላይ ያለው፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመራው የኮምፖዚት ራደር ተገነጠለ። አብራሪዎቹ ወደ ቫራዴሮ መልሰው በሰላም አሳረፉት። የካናዳ መርማሪዎች ካረጋገጧቸው ነገሮች አንዱ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው የራደር ፍተሻ ሥርዓት ጉዳትን በጊዜ ለማግኘት በቂ እንዳልነበረ ነው። ራደሩን የገነጠለው ምት ነው አልልም። ነገር ግን በዓይንና በማንኳኳት ላይ ብቻ የተመሠረተ እምነት የቱ ጋ እንደሚያልቅ ያሳያል።

ከጆሮ ቀጥሎ አልትራሳውንድ አለ። እርጉዝ እናት ስትመረመር እንደሚቀባው ሁሉ እዚህም ጄል ወይም ውኃ እንቀባለን፤ ድምፁ አየርን መሻገር አይወድምና። በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ እንልካለን። በኮምፖዚቱ ውፍረት አቅጣጫ በሰከንድ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 3 ሚሊ ሜትር ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበት 2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተመለሰ መንገድ ላይ የሆነ ነገር መልሶታል ማለት ነው። መሣሪያውን በቆዳው ላይ እያስኬድን የመመለሻ ጊዜውን በቀለም ስንሥለው የጎጆው ክዳን ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ብቅ ይላል። በጣም የሚያምር ምስል ነው፤ ግን ልትጠነቀቁት ይገባል። የመጀመሪያው የተላቀቀ ንጣፍ ድምፁን ስለሚመልሰው ከሥሩ ያለው ሁሉ በጥላ ውስጥ ነው። ምስሉ ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ጤነኛ ነው ብላችሁ አትፈርሙ።

እኔ የምወደው ግን የሙቀት ካሜራን ነው፤ ለምን እንደሆነ በምጣድ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲቃጠል ጋጋሪዋ ከሥር ገልብጣ አታይም። እንጀራው ይነግራታል። በሌላው በኩል ዓይኑ ፍንትው ሲል በዚያች በኩል ዓይን አያወጣም፤ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። እንጀራው የምጣዱ የሙቀት ካርታ ነው። ቴርሞግራፊ የሚባለውም ይኸው ነው። የአውሮፕላኑን ቆዳ በብርቱ መብራት ለቅጽበት እናሞቀዋለን፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ንጣፍ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ስስ አየር ስላለ ሙቀቱ መንገድ ያጣና እላዩ ላይ ይቆያል። ሌላው ሲበርድ ያቺ ቦታ ሞቃ ትቀራለች፤ ካሜራው ያያታል። ጄል የለም፣ መንካት የለም፣ በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ ይታያል።

ይህም ድንበር አለው፤ ድንበሩን የሚያሠምረው ጊዜ ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠበቀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ ጉዳት በ2 ሰከንድ ገደማ ከታየ፣ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ያለው 8 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ሙቀቱ ወደ ጎንም ስለሚበተን ምስሉ ይደበዝዛል። ጥልቅ ሆኖ ጠባብ የሆነ ጉዳት ጭራሹን ሊያመልጥ ይችላል። ሲቲ ስካን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ስንጥቆቹን ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ዕቃው በራጅ ምንጩና በተቀባዩ መካከል መዞር አለበት፤ ክንፍ አይዞርም። ሲቲው የቤተ ሙከራ ነው፤ የሌሎቹን ምስል ትክክለኛነት የምንለካበት።

አሁን ወደ አመዳደብ ልግባ። የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2009 ባወጣው የምክር ሰነድ የኮምፖዚት መዋቅር ጉዳትን በአምስት ይከፍላል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የአከፋፈሉ መሠረት ነው፤ ማን፣ መቼ ያገኘዋል በሚለው ላይ ቆሟል። አንደኛው በተለመደው ፍተሻ ሳይታይ ሊያልፍ የሚችለው ነው፤ ስለማይታይ አውሮፕላኑ ከነጉዳቱ፣ በአገልግሎት ዘመኑ ይገጥመዋል ተብሎ ከተሰላው ከፍተኛ ጭነት 1.5 እጥፍ መሸከም አለበት። ሁለተኛው በመደበኛ ፍተሻ ይገኛል፤ ሦስተኛውን ሜዳ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በጥቂት በረራዎች ውስጥ ያዩታል፤ አራተኛውን፣ እንደ ወፍ ግጭትና እንደ ጎማ ፍንዳታ ያለውን፣ አብራሪው እዚያው ያውቀዋል። አምስተኛው በንድፉ ስሌት ውስጥ ያልገባው ነው፤ ለምሳሌ ከባድ ተሽከርካሪ ሲገጨው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ የጎማ መከላከያ ያለው ተሽከርካሪ ቆዳውን ቀስ ብሎ ቢገፋ ከውጭ እምብዛም ምልክት ሳይቀር ውስጥ ያሉት ድጋፎች ሊሰበሩ ይችላሉ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ከሁሉ ያነሰ ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ እስካሁን የነገርኳችሁ መሣሪያ ሁሉ አንድ ነገር እንደተሟላ ቆጥሮ የሚነሳ ነው፤ የት እንደምንደግነው እናውቃለን ብሎ። ከአንድ በረራ እስከ ሌላው ባለው አጭር ጊዜ የአውሮፕላን ቆዳ በሙሉ አይቃኝም። ለ787 ተብሎ የተዘጋጀ ትንሽ የእጅ አልትራሳውንድ አለ፤ ልዩ ሥልጠና የሌለው ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይዞት «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚል መልስ ብቻ ያነባል። ግሩም ሐሳብ ነው። ግን የሚመልሰው ስለተደገነበት ቦታ ብቻ ነው። በዲሴምበር 2005 ከሲያትል የተነሳ የአላስካ አየር መንገድ ኤምዲ-83 አየር ላይ ሳለ ጎኑ ላይ 30 በ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ተከፈተና የውስጥ አየሩ አመለጠ። ተመልሶ በሰላም አረፈ። ከመነሳቱ በፊት የሻንጣ መጫኛ ተሽከርካሪ ነክቶት ነበር፤ የነካው ሠራተኛ አልተናገረም። ያ አውሮፕላን አልሙኒየም ነበር፤ ቢያንስ የሚሰረጉድ ቆዳ ነበረው። ኮምፖዚት ላይ ምልክቱም ላይኖር ይችላል፤ ያለን የሰውየው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ «ገጭቻለሁ» ብሎ የመጣን ሠራተኛ የምንቀጣ ከሆነ ቀጣዩ አይመጣም። ካሜራችንም ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። ነገ ኃላፊ የምትሆኑ እናንተ ናችሁና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ምቱ ታውቆ ምስሉ የቀረበት ታሪክም አለ። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ፣ ከነዳጅ ታንኩ የተላቀቀ ከአንድ ኪሎ የማይሞላ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ የግራ ክንፏን ፊት መታ። ያ ክፍል ከካርቦን በካርቦን የተሠራ ኮምፖዚት ነበር። የመነሻው ቪዲዮ ምቱን አሳይቷል። መሐንዲሶች ክንፏ በምሕዋር ላይ ሳለች ፎቶ እንዲነሳ ጠየቁ፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ፌብሩዋሪ 1 ስትመለስ ትኩስ ጋዝ በክንፏ ገብቶ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ጁላይ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ተመሳሳይ ቁራጭ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ተተኩሶ በእውነተኛ የክንፍ ክፍል ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ከፈተ። ቀላል ነገር ከባዱን አይጎዳም የሚለው ግምት እዚያ አበቃ። መርማሪ ቦርዱ ያ ካርቦን ዘመናዊ በሆነ፣ አካሉን በማይጎዳ ዘዴ እንዲፈተሽ አሳሰበ፤ ከዚያ ወዲህ የሙቀት ካሜራ በየበረራው መካከል ገባ። ይህን ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይከብደኛል፤ ጥያቄው ፎቶ ብቻ ነበርና።

ብዙዎቻችሁ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልትጠይቁኝ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ምስሉን አይቶ የጉዳቱን ዓይነት ይለያል ወይ? ይለያል፤ በሠለጠነበት ላይ። ችግሩ የሚሠለጥንበት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምንመታው 16 ሚሊ ሜትር በሆነ ድቡልቡል ብረት፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ነው። አንዳንዴም ሳንመታ፣ የተላቀቀ ንጣፍ እንዲመስል በንጣፎች መካከል ሙጫ የማይዘውን ቴፍሎን ቆርጠን እናስገባለን፤ ጠርዙ የጠራ ክብ ይሆናል። እውነተኛ ምት እንደዚያ አይደለም። እውነተኛ ቆዳ ደግሞ ከኋላው ድጋፍ፣ እላዩ ላይ ለመብረቅ የተነጠፈ የመዳብ መረብ፣ ቀለም፣ አሮጌ ጥገና አለው፤ ማሽኑ ድጋፉን ጉዳት፣ ጉዳቱን ጥገና ሊለው ይችላል።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ጥቂት ሰሌዳዎችን ብዙ ጊዜ ፎቶ አንስቼ ምስሎቹን በዘፈቀደ ለሥልጠናና ለፈተና ከፈልኳቸው። ውጤቱ እጅግ አማረ። አዲስ ሰሌዳ ስናመጣ ግን ማሽኑ ግራ ተጋባ። ያጠናው ጉዳቱን አልነበረም፤ የእያንዳንዱን ሰሌዳ ሽመናና የመብራቴን ቦታ ነበር። አንድ ሰሌዳ በሥልጠናም በፈተናም መግባት የለበትም፤ ይህን በደብተራችሁ ጻፉት። ሌላም ልጨምር። ጤነኛውን ተጎዳ ማለት በረራ ያዘገያል። የተጎዳውን ጤነኛ ማለት ግን ዋጋው ሌላ ነው። የሁለቱን ስህተት ደምሮ በአንድ የመቶኛ ቁጥር ብቻ የሚነግራችሁን ሪፖርት መልሳችሁ ጠይቁት።

ሰሌዳዋ ተመለሰች? እናመሰግናለን። ወረቀቱን ልየው። ብዙዎቻችሁ መሐሉ ላይ ነጥብ አድርጋችኋል፤ ያቺን ትንሽ ጎድጓዳ ጣታችሁ አግኝቷታል። ጥቂቶች ቀኝ ጠርዝ ላይ አድርጋችኋል፤ እዚያ ያለው ጭረት ነው፣ ቀለሙን ብቻ ነው የነካው። አሁን መብራቱን አብርቼ አጠፋለሁ፤ ግድግዳው ላይ የካሜራውን ምስል ተመልከቱ። አንድ፣ ሁለት። መሐሉ ላይ ብቅ አለች፤ ለውዟን አያችኋት? ከጎድጓዳዋ በብዙ እጥፍ ትሰፋለች። አትነሱ፣ ጠብቁ። አምስት፣ ስድስት። ግራ ጥግ ላይ ደብዘዝ ያለች ሌላ አለች፤ ዘግይታ የመጣችው ጥልቅ ስለሆነች ነው። እዚያ አንድም ነጥብ የለም። መሐሉን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑም ጉልበቱም መዝገቤ ላይ ተጽፏል። የጥጓን ግን ባለፈው ወር ነው ያየኋት፤ መዝገቡ ላይ የለችም። ምናልባት ሰሌዳዋ ከጠረጴዛ ወድቃ በጥጓ አርፋ ይሆናል። ካሜራውን አላጠፋሁትም፤ ቀረብ ብላችሁ እዩዋት።